ጾም እንዲጠብቁ የታዘዙት በጎች

ወለዱ! ስድስቱም ወለዱ፣ ሦስቱ መንታ! ይቅርታ፣ ደስታዬ ከሰላምታዬ ቀደመ።

ለክቡር አቶ ሰይፈሚካኤል፣ በካምፓላ የመረዳጃ ማኅበራችን ሊቀመንበር፤
ንሳምብያ።

ጤናዎ፣ ቤትዎ፣ ወንበርዎም ጭምር እንደምን ሰንብተዋል? እኛ፣ ኮሮና ሥራችንን ዘግቶብን ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ከመጋዘን ጀርባ በማኅበሩ በጎች እንጀራችንን ለማግኘት የተነሳን አራት ሴቶች፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። «በጎቹ መካን ናቸው፤ እስከ ፋሲካ ካላረገዙ ለሥጋ ቤት ይሸጣሉ» ብለው የወሰኑብን ጊዜ ግን እንዲህ አልነበርንም። ውለታዎን ሳልቆጥር ባልፍ ነውር ነውና ላቅርብ።

1. የእንስሳት ሐኪሟ ዶክተር ናካቶ ለበጎቹ ሆርሞን ያለበት ስፖንጅ በብልታቸው አስገብታ፣ በሁለት ሳምንቱ አውጥታ፣ መርፌ ወግታ ስታበቃ፣ በሁለተኛው ቀን አውራ እንደሚፈልጉ፣ ያም ቢበዛ አንድ ቀን ተኩል ብቻ እንደሚቆይ አስጠነቀቀችን። ካለፈ፣ መድኃኒቱም በጎቹም ሄዱ ማለት ነው። በግቢዎ የታሰረውን የማኅበሩን አውራ በግ ብንለምንዎ «በዐቢይ ጾም እንዲህ ያለ ነገር ያስነውራል፣ ፋሲካ ይለፍ» አሉን። ለበጎቻችን ነፍስ ስለተጨነቁ እናመሰግናለን። መርፌው ግን ጾም አያውቅም፣ ምን ይደረግ?

2. በጎቹ እየጮኹ አጥር ሲገፉ፣ እኛም በር በሩን ስናይ፣ እርስዎ ኮሚቴውን በስልክ ሰብስበው፣ ተከራክረው፣ በማግስቱ ረፋድ ላይ በጉን በልዩ ፈቃድ ላኩልን። ገባ። ሙሽሮቹን ዞር ብሎም ሳያይ ቀጥ ብሎ ወደ ሣሩ! ባልደረባዬ አክበረት ጎንበስ ብላ አየችና «እናንተ፣ ይኼ እኮ ሙክት ነው! ተኮላሽቷል!» ብላ ጭንቅላቷን ያዘች። ለፋሲካ የሰባ ሙክት ለሙሽራነት ስለላኩልን ምስጋናችን ወሰን የለውም።

የቀረን ግማሽ ቀን ነበር። ኪሰንዪ ሱቅ ያላት ዛሂዳ ለአረፋ የምታሳድገውን አውራ ያለ ኮሚቴ፣ ያለ ማኅተም ፈታችልን። ያን ሰሞን ቦዳ፣ የኪራይ ሞተር ብስክሌቱ፣ ዕቃ እንጂ ሰው እንዳይጭን ተከልክሎ ስለነበር፣ በጉ እንደ ባለሥልጣን በቦዳ ሄደ፤ እኔ በነጠላ ጫማ ከኋላው ሮጥኩ። ፖሊሱ አስቁሞን «እሱ ካርጎ ነው፣ ይለፍ፤ አንቺ በእግርሽ!» አለኝ። እያለከለክሁ ደረስኩ፤ እሱ ግን ቀድሞኝ ሥራ ጀምሯል።

3. ባለፈው ሳምንት በማኅበሩ ዋትሳፕ ልደቱ የተገኘው «በሊቀመንበሩ አመራርና በማኅበሩ አውራ በግ» መሆኑን አብስረዋል። ክቡር ሆይ፣ ሙክትዎ ከራሱ እስከ ጥፍሩ ነጭ ነው። ዘጠኙም ግልገሎች ራሳቸው ጥቁር፣ ቁርጥ የዛሂዳን በግ! እኔ ምንም አላልኩም፤ እነሱ ናቸው የተናገሩት።

ወንበርዎን ያጽናልዎ እያልኩ፣ በጾም በጎች የዳረች የዘጠኝ ግልገል አዋላጅ፣

ለተጊዮርጊስ

ማሳሰቢያ፦ ፋሲካው በኮሮና ስለቀረ ሙክቱ ተመልሶ እስካሁን ግቢዎ ታስሮ ይቀለባል አሉ። ለግልገሎቹ ደስታ በረታችን ደግሰናልና ይዘውት ይምጡ፤ ለድግስ እንኳ ብቁ መሆኑን አክበረት መስክራለታለች። ለዛሂዳ ቤተሰብ ለብቻው የሚታረድ አለ፣ የክብር ወንበሩም የእሷ ነው። ሌሎቻችሁ የማኅበሩ አባላት ማስካችሁን አድርጋችሁ ባዶ እጃችሁን ኑ፤ የሚቀር እንዳይኖር! ቀኑ የመስቀል ዕለት፣ እሑድ መስከረም 17 ነው። ጾም አይደለም።