ከቤት የማይወጣው ሰርቨር

ሐሙስ፣ ኅዳር 4፤ ደማም

ያ ረቢ! የልጄን የራህማን ቪዲዮዎች እናቴ ደሴ ሆና እንድታይ ብዬ አሮጌ ላፕቶፔን ቪዲዮዎቹን በኢንተርኔት የሚያሳይ ሰርቨር ካደረግኩት ወራት አልፈዋል። ዛሬ ጎረቤት ከተማ ኹበር ሄጄ ለጓደኛዬ ላሳየው ብል በስልኬ አልከፈት አለኝ። ለካ እስከ ዛሬ የሞከርኩት በቤቴ ዋይፋይ ብቻ ነው! የኢንተርኔቱ ድርጅት ጋ ደወልኩ።

"የኢንተርኔት አድራሻህ ከብዙ ቤቶች ጋር የጋራ ነው። ከውጭ ማንም አይገባበትም፣ ኸላስ፣ በቃ" አለኝ ሠራተኛው።

"በፊትስ?"

"ከመጀመሪያውም።"

እናቴ በየሳምንቱ "አየኋት፣ ማሻ አላህ" ስትለኝ አልነበር? አልከፈተልኝም ብላ ልታስከፋኝ ስላልፈለገች ነው? ደወልኩላት።

"እማ፣ የራህማን ቪዲዮ አየሽው?"

"አየሁት እንጂ! ስትስቅ ቁርጥ አባትህን!"

"አዎ እማ፣ ቁርጥ እሱን" አልኳት።