የመጠበቂያው ወር

ይድረስ ለማከብርሽ እህቴ ለገዲሴ፤ የጅማ ዝናብ እንዴት ይዞሻል? እኛ ጎፋ ከነአቧራችን አለን።

አሁን የሦስት ወር የሕክምና መድን እሸጣለሁ። ጎረቤታችን ከድር፣ “ሦስት ወር? በሽታው ውሉን አንብቧል እንዴ? እድር እንኳ የዕድሜ ልክ ነው!” ብሎ አላገጠብኝ። እውነቱን ነው፤ እድር ግን የሚደርስልን ከሞትን በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ወር መጠበቂያ ነው፤ በዚያ ወር ሐኪም ያገኘው በሽታ አይሸፈንም። ስለዚህ ደንበኞቼ በፈረሙ ማግስት ሐኪም ቤት መሄድ ያቆማሉ። ሕክምና እየሸጥኩ ሰው ከሐኪም የማርቅ ሆኛለሁ። “ይህን መሸጥ ተገቢ ነው?” ሲሉኝ፣ “እናቴንም አስገብቻታለሁ” እላለሁ። ይህን ሲሰሙ ይፈርማሉ።

እማዬ ደህና ናት። ከአራተኛ ፎቅ መውረድ ትታለች፤ ወሩ ሲሞላ እንወርዳለን ብያታለሁ። የምትተኛው ተቀምጣ ነው፤ “መንገዱን ለማየት ነው” ትላለች። በመስኮቷ የሚታየው ግን የጎረቤት ብሎክ ግድግዳ ነው።

ለበዓል ከምትመጪ አሁን ብትመጪ ይሻላል፤ በበዓል ሰሞን መኪና አይገኝም።

የእማዬን ሰላምታ ተቀበይ። በስልክ ልታነጋግርሽ ፈልጋ ነበር፤ ትንፋሿ ሲመለስ ትደውልልሻለች።

ወንድምሽ ቀጄላ