በሁዳዴ የተላከ እንቁላል

ቡርንስቪል፣ ሚኒሶታ
ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ሳንቲያጎ ላለችው ልጄ፣ ለፈነት ረጋሳ፤

እንደ ደንቡ ጤናሽን ላስቀድም፤ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ከበረዶው ቀድሞ ክረምት መግባቱን ነግሮኛል። አባትሽ ትራኩን ይዞ ወደ ዴንቨር ወጥቷል። በደወለ ቁጥር «ፈነት ደወለች?» ይለኛል። «ሥራ በዝቶባት ነው» እላለሁ። ይኸው አምስት ወር ሆነኝ ያንኑ ስል።

በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ድምፄን ቀድቼ ሦስቱንም አጠፋሁት። ልጅ ሆነሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል ቁጠሪ ስልሽ «ዋይ፣ ማም? ለምን? ማን ያነበዋል?» ትዪኝ ነበር። አሁን አንቺው ልታነቢው ነው። ቀስ ብለሽ፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

የላክሽው መልእክት ደርሶኛል። ስለ ቺሊ ወታደራዊ መንግሥት ፊልሞች በምትጽፊው ጥናት ላይ ስለ ደርግ ዘመን አንድ ምዕራፍ መጨመር አሰብሽ። ስለ አጎትሽ ስለ ኢያሱም ልትጠይቂኝ ፈለግሽ። ነርስ ትሆናለች ስንል ስፓኒሽ ሥነ ጽሑፍ ስትዪን አባትሽ «ስፓኒሽማ እኔም መጋዘን ውስጥ በነጻ ተምሬያለሁ» ብሎ እንደሳቀብሽ ትዝ ይልሻል? እኔም ስቄ ነበር። ትምህርትሽ እኔው ደጅ ድረስ ይመጣል ብዬ የት አስቤ።

ሰኔ ላይ፣ ቺሊ ሳትሄጂ፣ ዩኒቨርሲቲሽ ውስጥ ያሳያችሁትን ፊልም ልይልሽ መጥቼ አልነበር? ልጆቻቸው የተወሰዱባቸው እናቶች በየሳምንቱ ፎቶ ይዘው አደባባይ የሚቆሙበትን። ከመካከላቸው ስፌት ሠሪዋ የጎረቤቷን ልጅ መደበቂያ ለወታደሮች የተናገረች ሆና ተገኘች። ፊልሙ ሲያልቅ አንድ ተማሪ ይቺ ሴትዮ ይቅር አትባልም ወይ ብሎ ጠየቀ። አንቺ መድረኩ ላይ ማይኩን ይዘሽ «ኖ። ሺ ሃዝ ኖ ራይት ቱ ስታንድ ዜር» አልሽ። እዚያ የመቆም መብት የላትም ማለትሽ ነው። ሰው አጨበጨበ። እኔ ከሦስተኛው ረድፍ ተነሥቼ ወጣሁ።

መኪና ውስጥ «ማም፣ ዩ ኢምባረስድ ሚ፤ አሳፈርሽኝ። እነሱ ፎቶ ይዘው ይወጣሉ፤ እናንተ ግን ሁሉን ትረሳላችሁ» አልሽኝ። እኔም ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ «የሰው አገር ሬሳ ቆጥረሽ ስትጨርሺ ወደ እኛ ትመጫለሽ» አልኩሽ። ለዚህ ቃሌ ይቅር በይኝ። ለሌላው ይቅርታ አልጠይቅሽም።

አልረሳሁም፣ ፈነት።

በ1970 ሁዳዴ እኔ አሥራ ሦስት፣ ኢያሱ ሃያ አንድ ዓመታችን ነበር። ኢሕአፓ ነህ ተብሎ ይፈለጋል። እግሩን በጥይት ተመትቶ ጉለሌ፣ አክስታችን ቤት ጓዳ ውስጥ ተደብቋል። ቁስሉ አመርቅዞ ሰውነቱ ስላለቀ እናቴ «ለታመመ እግዜርም አይቆጣ» ብላ አምስት እንቁላል ቀቀለችለት። በሻሽ ቋጥራ አሸከመችኝና «ማንም ቢጠይቅሽ ድንች ነው በይ» አለችኝ።

ወደ አክስታችን ቤት በሚያስገባው መንገድ ላይ ጎረቤታችን እትዬ ሮማን አገኙኝ። የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ሰው ነበሩ። ለእናቴ ሰላምታ ልከው ሊያልፉ ሲሉ ቋጠሮውን ነካ አደረጉት፤ ከዚያ ፈቱት። «አንቺ! በሁዳዴ እንቁላል? ገዳፊ!» ብለው ጮኹ። ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ቆመው አዩኝ። «ገዳፊ! ገዳፊ!» አሉ እነሱም።

እኔ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ አንድ ቀን ጾም ገድፌ አላውቅም። በሰንበት ትምህርት ቤት የምመሰገነው በዚሁ ነበር። ያ ስም ከሚለጠፍብኝ ብሞት ይሻለኝ ነበርና «አልገደፍኩም! ለታመመ ሰው ነው!» አልኩ። እትዬ ሮማን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አክስትሽ ቤት ማን ታመመ?» አሉኝ። መልስ ግን አላስፈለጋቸውም፤ ቋጠሮውን መልሰው አስረው ሰጡኝና ሄዱ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። እኔ ግን ያኔውኑ አውቄዋለሁ። አውቄም ለኢያሱ አልነገርኩትም። እንቁላሉን እየላጥኩ አጎረስኩት። «ሙሉዬ፣ ጨው የት አለ?» ብሎ ሳቀብኝ። ብነግረው በዚያ እግሩ ያመልጥ ነበር? አላውቅም። ይቆጣኛል ብዬ ፈራሁ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ባዶውን ሻሽ ይዤ ቤት ሳልደርስ ኢያሱን ወሰዱት።

ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ ስንቅ ወደ እስር ቤት ያመላለስኩት እኔው ነኝ። አንድ ማክሰኞ ጠባቂው ምግቡን እንዳለ መለሰልኝና «ከእንግዲህ እንዳታመጡ» አለኝ። አስከሬን አልተሰጠንም፤ ማልቀስም ክልክል ነበር። እናቴ ጥቁሩን ቀሚስ ከውስጥ፣ የአዘቦቱን ከላይ ደርባ ገበያ ትሄድ ነበር። ጸሎቷን ስትጨርስ ሁልጊዜ «ልጄን የጠቆመውን ሳታሳየኝ አትግደለኝ» ትላለች። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ «አሜን» እላለሁ። እስክትሞት ድረስ እንዲሁ ነበርን። ሳታውቅ ሞተች።

እንቁላል አለርጂ ነኝ የምለው ውሸት ነው። ክሊኒክ ካርዴ ላይ ሳይቀር አስጽፌዋለሁ። አንቺ ትንሽ ሳለሽ የልደት ኬክሽን ሳልቀምስ ስቀር እንዴት ታለቅሺ እንደነበር አልረሳውም።

ዛሬ ቅዳሴ ላይ ነገ የነቢያት ጾም እንደሚገባ ተነገረ። ይህን ይዤ ሌላ ጾም መያዝ ደከመኝ፤ ለዚህ ነው የምጽፍልሽ። ያን ቀን መድረክ ላይ ያልሽው ልክ ነው ወይስ አይደለም ብዬ አልከራከርሽም። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርሽ እንድትዪኝም አይደለም። እኔ ለራሴ ብዙ ጊዜ ብዬዋለሁ፤ አልጠቀመኝም። የምፈራው አንድ ነገር ነው። ይህን ካነበብሽ በኋላ ያቺን ሴትዮ ባየሽበት ዓይን ታዪኛለሽ ብዬ እፈራለሁ። ሳልነግርሽ ብትወጂኝ ደግሞ የምትወጂው ሌላ ሰው ነው።

ምዕራፍሽ ውስጥ አስገቢው። «አንዲት ሴት» ብለሽ ሳይሆን በስሜ። አባትሽ ግን ምንም አያውቅም፤ እኔው እነግረዋለሁ። እስከዚያው ለእሱ ደውዪለት፣ አትጥፊበት። ለእኔ መደወል ከከበደሽ አይከፋኝም።

ከደብዳቤው ጋር የኢያሱን ፎቶ ልኬያለሁ። ያለችን እሷው ብቻ ናት። እዚያም እናቶች እስከ ዛሬ ፎቶ ይዘው ይቆማሉ ብለሽኝ ነበር። ከፈቀዱልሽ አብረሻቸው ቁሚና ያዢለት። ስለ እኔ ብለሽ አይደለም፤ ለልጇ አንድ ቀን እንኳ ሰው ፊት ሳታለቅስ ስለሞተችው እናቴ ብለሽ ነው። ይህ ማን ነው ካሉሽ፣ አጎቴ ነው በያቸው። ማን ጠቆመው ካሉሽም፣ ልጄ፣ እንዳትዋሺላቸው።

እኔ ከተሸከምኩት የቀለለ ሸክም ይስጥሽ። የምትረግጪው ምድር ይቀበልሽ፤ የምትናገሪው ቃል ማንንም አይጉዳ።

ከፈቀድሽልኝ፣ እናትሽ
ሙሉ