አዲሱ የፊት መብራት

እታለም፣

እየሮጥኩ ስለምጽፍ ፊደሌ ቢንጋደድ እንዳትስቂብኝ፤ ደስታ ነው!

ለመኪናችን የፊት መብራት ኤልኢዲ አምፖል አስገባሁላት። ትናንት ጎረቤታችን መካኒኩ አፍታ ሳይቆይ ገጠመልኝ። ስናበራው ግድግዳው ቀን መሰለ። እልልታዬን ሳቀልጠው "ኧረ ቀስ፣ ሰው ሠርግ መስሎት ይመጣል!" እያለ እሱም በሳቅ ሞተ።

አሁን ልብ ብለሽ አንብቢ። ስታበሪው ዳሽቦርዱ ላይ አምፖል ተቃጥሏል የሚል ምልክት ይመጣል። አትደንግጪ፤ አዲሱ አምፖል የሚወስደው ኤሌክትሪክ ትንሽ ስለሆነ ነው። አጭሩን መብራት ዝቅ አድርገን አስተካክለነዋል። ረጅሙን ግን መኪና ሲመጣብሽ ቶሎ ወደ አጭሩ መልሺው፣ የሰው ዓይን ያጠፋል።

ዓይን ካነሳሁ አይቀር...

ያኔ ማታ የግቢውን በር በመኪናችን ስትገጪ "ዓይንሽ ደክሟል፣ መነጽር ግዢ" ብዬ ሰው ፊት ስቄብሽ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሲመሽ መሪ ነክተሽ አታውቂም።

ትናንት መካኒኩ አሮጌዎቹን አምፖሎች አውጥቶ እጄ ላይ ሲያስቀምጣቸው መስታወታቸው ጥቀርሻ መስሏል። በዚያ መብራት እኔ ብነዳ ኖሮ በሩን ብቻ ሳይሆን አጥሩንም ይዤ እገባ ነበር።

በቃ፣ ከዚህ በላይ አታስለፍልፊኝ።

ቁልፉ የስፌት መኪናሽ ላይ ነው። እኔ በአውቶቡስ ሄጃለሁ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ መሥሪያ ቤቴ በር ድረስ መጥተሽ ውሰጂኝ። ታክሲ አልይዝም፣ ሰው ሊያደርሰኝ ቢለምነኝም እሺ አልልም፤ አንቺን እየጠበቅኩ እዚያው እቆማለሁ።

ታናሽሽ