የናሙናው አልጋ

አብሮ አደጌ፣ ይህን የምጽፍበት የማስታወቂያ ካርድ ላይ የምታዪው ሕንፃ ገና ጉድጓድ ነው፤ ልገዛ የመጣሁት ቤት እሱ ውስጥ ነው። ሻጯ ቢሯቸው ውስጥ ለናሙና የተሠራውን መኝታ ቤት ስታስጎበኘኝ ደክሞኝ አልጋው ላይ ጋደም ብል እግሬ ተርፎ ወጣ። ለካ ክፍሉ ሰፊ እንዲመስል አልጋውን አሳጥረውታል።

ግንበኛው አባትሽ ትዝ አሉኝ። መሠረት ከመቆፈራቸው በፊት ክፍሉን መሬት ላይ በኖራ ያሰምሩና እኔንና አንቺን «እስቲ ተኙበት» ይሉን ነበር። እግራችን መስመሩን ካለፈ ያሰፉታል። የዚያ አፈር ቅዝቃዜ አሁንም ጀርባዬ ላይ አለ።

ውሉን ባገላብጠው ሃያ ሦስተኛው ገጽ ላይ «ሻጭ የክፍሎቹን ስፋት መቀነስ ይችላል» ይላል። «የተለመደ ነው» አለችኝ። «እንግዲያው ይሰረዝ» አልኳት። አለቃዋን ልትጠይቅ ሄዳለች፤ እስክትመለስ እዚሁ አጭር አልጋ ላይ ሆኜ እጽፍልሻለሁ።

ቦታ አለቀብኝ። የአባባን ጉልበት ሳሚልኝ። ዛሬም ቤት የምለካው ተኝቼ ነው በያቸው።