ወደ ውጭ የሚከፈተው በር

ለልጄ ለጽናት፤

ባሕር የማይከልለው አምላክ እኔ በማላይሽ አገር ይጠብቅሽ። እንዴት ከርመሻል? ጤናሽስ? ሳሙናው የላጠው እጅሽ ሻረልሽ ወይ? የቤይሩት ሙቀት በረድ አለ? እኔ ብርዱ ጉልበቴን ይዞኝ ከማነከሴ በቀር፣ ተመስገን፣ ቆሜ እሄዳለሁ።

ልጄ፣ የዘገየሁት የምጽፈው ጠፍቶኝ ነው። አልጋ ቤታችንን ለእሳት አደጋ የሚያይ ባለሙያ መጥቶ ነበር። ልጅ ነው፣ ግን ሥርዓት ያለው። የጥዱን ምሰሶ አንኳኩቶ፣ «ይሄ ወፍራም ነው፤ ላዩ ቢከስልም ውስጡ ቶሎ አይከዳም» ሲለኝ ደስ አለኝ። የማድቤቱን ጣሪያ በጭቃ ይምረጉት አለ፤ መረግሁ። ሰው ሲደነግጥ ተደራርቦ እንዳይዘጋው የመውጫው በር ወደ ውጭ ይከፈት አለ። እንግዳን ገፍቶ የሚቀበል በር የት አገር አለ ስለው፣ «አባባ፣ እንግዳው በሕይወት ይውጣ እንጂ ይቀየመኝ» ብሎ ሳቀ። በሩንም አዞርኩት።

ያቃተኝ የእንጨቱ ፎቅ ነው። ደረጃው አንድ፣ እሱም በማድቤቱ በኩል። እሳት ቢነሳ ላይ የተኛ ሰው መውጫ የለውም። ከውጭ ሌላ ደረጃ እስኪሠራ ማንም እንዳያድርበት ብሎ አገደው። እግዚአብሔር ይጠብቃል ስለው፣ «እኔም አምናለሁ፤ ግን ሁለተኛ በር አትሥሩ ያለው የት ላይ ነው?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስጸልይ ራሴን እጠይቃለሁ፤ ያ ሁሉ እምነት ነበር ወይስ ስንፍና?

ደረጃውን የት ልትከለው? ከፊት መንገድ፣ ከኋላ ገደል፣ በጎን የጎረቤታችን የወሰኔ ግቢ ነው። ወሰኔን ትንሽ ቦታ ብለምነው፣ «መጀመሪያ እሳቱን አምጣ፤ ደረጃውን ያኔ እናያለን» ብሎ በሰው ፊት አሳቀብኝ። ሽማግሌም ልኬ እንቢ አለ።

እናትሽ ኮከብ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ፎቁን ያሠራችው «ጽናት ስትመለስ ቤቱን ትይዛለች፤ ላይኛው ክፍል የሷ ነው» ብላ ነበር። ትናንት ደረጃው ላይ ጣውላ ቸነከርኩበት። ያለ ፎቁ ቤቱ ለሁለታችን እንጀራ አይሆንም። ነይ እንዳልልሽ ምን ይዤ፤ ቅሪ እንዳልልሽ አንጀቴ እንቢ አለኝ።

አብራሽ ላለችው ለአመተሥላሴ ሰላም በዪልኝ። አክስትሽ አስካለ ማርያም አገላብጣ ትስምሻለች። ወንድምሽ ምንይሉ «እቴን ናፍቄያታለሁ በልልኝ» ብሏል። ወሰኔም ሰላም በልልኝ አለኝ፤ ምን ላድርግ፣ ይኸው ብያለሁ።

እግዜር ብሎ የመጣሽ ቀን፣ በሩን አንኳኩተሽ ፈቀቅ በዪ። ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው፤ ሮጬ ስከፍት እንዳልመታሽ።

አባትሽ ይታየው
ዘመሮ፣ ኅዳር ፲፫ ቀን ፲፱፻፺፰ ዓ.ም.