ከማሽኑ ደጅ ስለተነሡት አራት አማላጆች

ለተከበሩ አቶ ወንድምአገኝ ታከለ
የሙሉ ጎታ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ
ቡሬ

ጉዳዩ፦ ሥራ ስትሠራ ስለተገኘች ልጅ ምሕረት መጠየቅን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎና ያ ከመስኮትዎ ሥር ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲሞቅ የማየው የመሥሪያ ቤቱ መኪና እንዴት ሰንብታችኋል? እኔ ጉልበቴን ከሚያመኝ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ደረሰ እባላለሁ። ፍኖተ ሰላም ፍርድ ቤት ደጃፍ ጃንጥላ ሥር ተቀምጬ ለባለጉዳይ ማመልከቻ ስጽፍ ያረጀሁ ሰው በመሆኔ፣ አንዲትን "እባክዎ" በስንት "በትሕትና" መጠቅለል እንደሚቻል ከእርስዎ ቀጥሎ የማውቅ እኔ ሳልሆን አልቀርም። በእርስዎ ክፍል በሙከራ ቅጥር ላይ ያለችው ፕሮግራም ጸሐፊ ሠርክአዲስ የልጄ ልጅ ናት። "የተፈተነ የደኅንነት ሥርዓት በማጥፋት" የሚል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥተው፣ የሙከራ ጊዜዋ በዚህ ወር ሲያልቅ እንደምትሰናበት ስለነገሯት ይህን ለመጻፍ ደፈርኩ።

ጥፋቷን በገባኝ መጠን ላስረዳ። የእህል መመዘኛው ፕሮግራም ሲ በሚባል ቋንቋ የተጻፈ ነው አለችኝ። ገበሬ ጆንያውን ሚዛን ላይ ባወጣ ቁጥር ፕሮግራሙ ስሙንና ክብደቱን የሚያኖርበት ባዶ ቦታ ከማሽኑ ሚሞሪ ይለምናል፤ ማሽኑም ካለው ይሰጣል፣ ከሌለው የለኝም ይላል። ልመናው ራሱ አንዲት መስመር ነው። ማክሮ የሚሉት ደግሞ ለዚያች መስመር የሚወጣላት ሌላ ስም ነው፤ ሰፈርተኛው ደረሰ ብሎ መጥራት ሰልችቶት "ያ ነገረኛ ሽማግሌ" እንደሚለኝ መሆኑ ነው። እንግዲህ ቅሬታዎቼ እነሆ፦

፩ኛ. ከእርስዎ በፊት ከነበሩት ኃላፊዎች የመጀመሪያው "ቦታ ስጠኝ" የሚል ማክሮ ሠሩ። ሁለተኛው መጡና "አስተማማኝ ቦታ ስጠኝ" የሚል ጨመሩ፤ እሱም ዞሮ የመጀመሪያውን ይጠራል። ሦስተኛው "እጅግ አስተማማኝ" አሉ፤ እሱም ሁለተኛውን ይጠራል። እርስዎም የቤቱን ልማድ አክብረው በራስዎ ስም አንድ አከሉ፤ እሱም ሦስተኛውን ይጠራል። አራቱም ጥያቄውን ከመቀባበል በቀር የሚሠሩት የለም። ይህን ስሰማ ማሽኑን የእኛን ቢሮ ጠባይ እንዳስተማራችሁት ገብቶኝ ኮራሁ። ብረትን ደጅ ማስጠናት ቀላል ጥበብ አይደለምና አመሰግናለሁ።

፪ኛ. እነዚህ "አስተማማኝ" የተባሉት፣ ማሽኑ "የለኝም" ሲል አንዳቸውም መልሱን አያዳምጡም። አንዱ ሌላው ሰምቷል ብሎ ይተወዋል፤ ፕሮግራሙም ባልተሰጠው ቦታ ላይ ሊጽፍ ሲል ይወድቃል። ባለፈው የገበያ ቀን የጅጋው ወዳጃችን ባንተአምላክ በቆሎውን እኩሌታውን አስመዝኖ ሳለ ስክሪኑ ጠፋና ከመጀመሪያው ጀምር ተባለ። ሰውየው ጆንያውን መልሶ እየተሸከመ "ኧረ እናንተ ሰዎች፣ የወደቀው የኔ በቆሎ ነው የናንተ ማሽን?" ቢል፣ መዛኙ "ሲስተም ነው አባ" ብሎ ሸኘው። ሲስተም የሚሉት ሰው ማን እንደሆነ ባንተአምላክ እስካሁን ይጠይቀኛል፤ ቢያገኘው ጆንያ ሊያሸክመው አስቧል። እኔም እርስዎን ላለማሳጣት ብዬ አላውቀውም ብያለሁ።

፫ኛ. ሠርክአዲስ አራቱንም አንሥታ በምትካቸው አንድ ብቻ አቆመች። እሱ ማሽኑን ፊት ለፊት ይጠይቃል፤ "የለኝም" ከተባለም እስከዚያ የተመዘነውን ጠብቆ "ቦታ ሞልቷል፣ ጥቂት ይታገሡ" ብሎ ለመዛኙ ይነግራል። ሳምንቱን ሙሉ ሲሞከር አልወደቀም። እርስዎ ግን ኮዱን ገልጠው ስምዎን ቢያጡት አሮጌውን አስመለሱ። ይህን የሰሙ ሁሉ ያሙዎታል፤ እኔ እረዳዎታለሁ። ሰው ስሙ እንዲጠራለት ይወዳል። ስለዚህ ማሽኑ ዘሎት የሚያልፈው፣ ሰው ብቻ የሚያነበው የማስታወሻ መስመር ኮድ ውስጥ አለና፣ እዚያ ስምዎን ከነማዕረግዎ እንድትጽፍልዎ አስማምቻታለሁ። ሥራውን ሳያደናቅፉ በክብር የሚቀመጡበት ቦታ ነው። ጡረታ ይበሉት፤ እኔም እዚያው ነኝ፣ አይከፋም።

፬ኛ. አራተኛ ቅሬታ የለኝም። የለመዱት ቁጥር እንዳይጎድልብዎ ብዬ ነው።

ከቀልዱ ስመለስ፣ ይህች ልጅ ባሕር ዳር ሥራ አግኝታ ሳለ "አያቴን ማን ያየዋል?" ብላ ቡሬ የቀረች ናት። ካሰናበቷት የመጀመሪያውን አውቶቡስ ትሳፈራለች፤ እኔም በየሳምንቱ የምተርባት ሰው አጣለሁ። ያን ጊዜ ተረቤን የሚችል ሌላ ሰው በአካባቢው ስለማይገኝ፣ ሁሉም ወደ እርስዎ መዞሩ ነው። ይህ እንዳይሆን በቆሎው በብዛት ሳይገባ ማስጠንቀቂያውን እንዲያነሡላትና ኮዷን ወደ ቦታው እንዲመልሱላት ከእግርዎ ሥር ወድቄ እለምናለሁ። ስወድቅ ግን እንደ ፕሮግራምዎ የሰው ንብረት ይዤ አልወድቅም።

ብዕርዎን ከከንቱ ድካም፣ ማኅተምዎን ከችኮላ፣ ወንበርዎንም ከመወዝወዝ ይጠብቅልን ዘንድ ሳልታክት የምማልድልዎ፣ ትልቅነትዎን ባሰብኩ ቁጥር ቆቤን የማወልቅ፣

አክባሪዎ
ደረሰ ክንፈሚካኤል
ፍኖተ ሰላም

ሳልጽፈው የቀረ፦ ይህ ደብዳቤ በፖስታ ታሽጎ ለእርስዎ ብቻ የተጻፈ ነበር። ራሴ ቡሬ ድረስ ይዤው መጣሁ። ዘበኛው ለጸሐፊዋ ይስጧት አለኝ፤ ጸሐፊዋ ለረዳትዎ መራችኝ፤ ረዳትዎ መዝገብ ቤት ይግባ አለኝ፤ መዝገብ ቤቱም ለዘበኛው ይተዉለት ብሎ አሰናበተኝ። አራቱም በትሕትና ተቀበሉኝ፣ አራቱም አልከፈቱትም። ስለዚህ ከአራቱም እጅ አውጥቼ፣ ይህችን ጨምሬ፣ እርስዎ በሚገቡበት በር ላይ ለጠፍኩት። ይኸው ቆመው እያነበቡት ነው። ልጅቱም ያጠፋችው ይህንኑ ነው።